አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት

ሐምሌ ነው። ፓይሳንዱን ጭጋግ ውጧታል፤
ከኡራጓይ ወንዝ ላይ ብርዱ ይነሣል፤
አባቴ ኤልቢዮ ኮፈኑን ከፍቷል።

ፔጆ አራት መቶ አራት፤ የአያቴ ፔጆ፣
አንድ ክረምት ሙሉ የዶሮ ጎጆ።
ስትበርድ ትነሣለች፣ ስትሞቅ ትሞታለች፣
ድልድዩ መሐል ላይ ቀጥ ትላለች፣
ሩብ ሰዓት ቆይታ፣ ምንም እንዳልሆነች
ጉሮሮዋን ጠርጋ ትነሣለች።

«ካርቡራቶሪው ነው» አለ ጎረቤታችን ዳርዶ፤
አንዴ አሽትቶ፣ አንዴ ፈርዶ
ሄደ፤ ሥጋው እሳት ላይ ነበረና።

አባቴ ካንዴላ ነቅሎ ከሞተሩ ብረት አስጠጋ፤
«ዙልማ፣ አስነሺ!» ቁልፉን አዞርኩት።
ብልጭታው ቢጫ፤ ሊጠፋ የደረሰ ሻማ፣
ሰማያዊ ሆኖ ጣ! ማለት ሲገባው ድምፁ የማይሰማ።
ቦቢናውን ለወጥን።
ኮንደንሰሩን ለወጥን።
የካንዴላ ሽቦዎቹን ለወጥን።
በለወጥን ቁጥር «አሁን ገና!» ይላል፤
«አሁን ገና» እስከ ድልድዩ ድረስ ይሄዳል።

የፑንቲናውን ክፍተት አያቴ የሚለካው
በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ነበር፤ ለሁለት አጥፎ፣ ትንፋሹን ውጦ፦
«ወረቀቱ ሲሳብ ይያዝ እንጂ አይታሰር፤
እንደ እንግዳ እጅ ነው፤ ጨበጥ፣ ለቀቅ።»
አባቴም እንዲሁ አርባ ዓመት ለካ።
ዛሬ ዐይኑ የቅርቡን አያይ፣ እጁ አንድ ቦታ አይረጋ፤
የቀረው ጆሮው ነው።

በደመወዜ ገዛሁለት፤ የክብሪት ሣጥን የምታህል ጥቁር ነገር፣
ከማግኔት ጋር፣ ሁለት ሽቦ፣ ቀይና ጥቁር፤
ፑንቲና የላት፣ ኮንደንሰር የላት፣
የሚፋቅ፣ የሚለካ፣ የሚጠበቅ የላት።
አገላበጣት። «ስትበላሽስ፣ በየት በኩል እከፍታታለሁ?»
«አትከፈትም፣ አባ።»
«የማይከፈት ነገር...» አለና ዝም አለ።
ሁለት ሳምንት ከማቴ ቅጠሉ ቆርቆሮ አጠገብ አቧራ ጠጣች።

የአክስቴ የኒልዳ ልደት ዕለት፣ ኬኳን ታቅፋ ከኋላ ተቀምጣ፣
ድልድዩ ላይ ቀጥ። ዝናብ። ከኋላችን የጭነት መኪና ጡሩምባ።
መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፦ «ኤልቢዮ!
ወይ እሷን ግፋ፣ ወይ እኔን ቅበር፤ ኬኬ ብቻ እንዳይረጥብ!»
በማግሥቱ ሣጥኗን ራሱ አወረደ።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ፈታ፣ ሮቶሩን መዘዘ፤
ፑንቲናውን ሲያወጣ ግን እጁ ፈዘዘ፦
ከሥሩ አንዲት ሽቦ፣ ከጣት የማትረዝም፣ ጨርቅ የለበሰች፤
ላይዋ ደኅና፤ አጠፍ ሲያደርጋት፣ እንደ በሰበሰ ክር ውስጧ የተበጠሰች።
ሲሞቅ ትለያያለች፣ ሲበርድ ትገናኛለች።
«አንቺ ነሽ?» አላት፤
በገዛ ቤቱ ሌባ እንደያዘ ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ቦቢናውን ከስሰን፣ ቤንዚኑን ከስሰን፣ ዳርዶ እንኳ ፈርዶ!

አሮጌው ይመለስ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም።
ማግኔቱን ከዘንጉ ሰካ፤ ቀዩን ከቦቢናው መደመር፣ ጥቁሩን ከመቀነሱ፤
ሽቦዎቹን ሲመልስ ከንፈሩ ቆጠረ፦
አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት።
ልጅ ሳለሁ መቁጠር የማይችል ይመስለኝ ነበር።

በግማሽ ቁልፍ ተነሣች። እንደ ስፌት መኪና።
ድልድዩን አልፈን፣ ተመልሰን፣ ደግመን አለፍን፤
ብልጭታዋ ሰማያዊ፣ ነገሯ ሁሉ ጤና።
ደጃችን ስንደርስ ካቻቢቴውን ይዞ ከፊቷ ቆመ፣
የሚጠብቅ ብሎን ፈልጎ አጣ።

ሲመሽ ከአልጋው ሥር አሮጌ ዲስትሪቢዩተር አውጥቶ
ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ፑንቲናውን አዲስ ሽቦ በየደው፣ ገጠመው።
ማጨስ ካቆመ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ፓኮውን ከየት እንዳመጣው እንጃ፤
ወረቀቱን ቀደደ፣ ለሁለት አጠፈ፣
ጫፉን እኔ እጅ ላይ አኖረ።
«ሳቢ። ይዞሻል?»
«ይዞኛል።»
«ታስሯል?»