ጓድ ጭልፋ ድስት ያልደፋ ለት

ከባቡር ጣቢያው ማዶ፥ ነስሩ ፀጉር ቤት፥
የአዳማ አዋራ ደጅ ሲጠና፥ በጥር ቅዳሜ ምሽት፥
ግራ ጉንጬ ተላጭቶ፥ ቀኙ አረፋ እንደለበሰ፥
ከመደርደሪያው ላይ ያ አሮጌ ቴሌቪዥን አስነጠሰ፤
«ጓድ ጭልፋ» ጀመረ።
ምላጩም አየር ላይ ቀረ።

የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የምሽግ ወጥ ሠሪ ነው፥
ሽሮው በቀጠነ ቁጥር በጄኔራሉ የሚያሳብበው፤
በየክፍሉ መጨረሻ ድስቱን ይደፋና
ሻለቃው ላይ፥ እኛም እንፈርሳለን እንደገና።

የዚያን ለት ግን ድስት አልደፋ፤
ሻማ ለኩሶ ተቀመጠ፥ እስክሪብቶ ይዞ፥ ጓድ ጭልፋ።

ከአልጋዎቹ አንዷ ባዶ ናት፤ ብርድ ልብሷ ተጣጥፏል፤
ባለቤቷ፥ ማክሰኞ፥ ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ በዚያው አርፏል።
«ምን በላህ?» የሚል ደብዳቤ ከእናቱ መጥቶ አድሮ፥
ጓድ ጭልፋ መልስ ይጽፋል፥ በሟቹ ስም ተሰውሮ፦
«ደህና ነኝ እማ፤ ወፍሬያለሁ፤ ወጥ ቤታችን እብድ ቢሆንም፥
ጎመን ብሎ ቆብ ቢቀቅልም፥ እስካሁን የሞተ የለም።»

የተዋንያኑ ስም ወደ ላይ እየተንሳፈፈ ወጣ፤
አስተያየቱ ግን፥ እንደ ፍራንኮ ባጃጅ፥ ከየአቅጣጫው መጣ።

ነስሩ፥ «ተበላን!» አለ። «ኀዘን ካማረኝ
ዜና አለልኝ፥ በየሰዓቱ የሚያደርሰኝ፤
ሠርግ ነው ብሎ ጠርቶኝ እንዴት ንፍሮ ያዘግነኝ!»

«ከሁሉ ክፍል ይኼ ይበልጣል፤ ቀልድ ማለት ይኼ ነው፥ ከነሥሩ፤»
አሉ መምህር ጉተማ፥
ተራቸው እንዳይወሰድ ወንበሩን በክርናቸው እያጠሩ።

ላምቤቦ፥ ሊስትሮው፥ ከደጃፍ አንገቱን አስግጎ፥
«ድስቱስ? ድስቱን ሳይደፋ?» አለ፥
ብሩሹን እንደ ጭልፋ ወደ ላይ አድርጎ።

የባንኩ ዘበኛ፥ አሥር አለቃ ደበሌ፥ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ
(በዚያ ሙቀት!)፥ «ውሸት ነው፤ ጫማቸው ያበራል፤ እነዚህ ምሽግ የት ያውቁ?
ደግሞ ሻማ! በዚያ ሌሊት ሻማ የለኮሰ ሰው
ግንባሩን ነው የለኮሰው።
ደብዳቤ የሚጻፈው በጨለማ ነው፥ በዳሰሳ…»
አሉና ዝም አሉ።
ጋዜጣ አነሡ። ገልብጠው ያዙት።

አንድ ነገር ረስቻለሁ። ቅድም፥ ቆቡ ሲቀቀል፥ ማንም ሳይስቅ፥
ከጥጉ አንድ ሳቅ መጥቶ ነበር፥ ልብስ እንደሚቀደድ፥ ድንገት ስንጥቅ።
ፎጣ ልታጥብ የምትወስደው እታለማሁ ነበረች።
«ምኑ ነው ያሳቀሽ?» አላት ነስሩ።
ፎጣዎቹን ቆጠረች።
አሥራ አንድ።

«ወንድሜ፥» አለች፥ «ከግንባር አምስት ደብዳቤ ልኮልናል፤
ሁለቱ ‹ናፈቃችሁኝ› ብቻ ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ፥ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል።
ሦስቱ ግን ሆድ ያፈርሳሉ፤ ፊደሉ ግዙፍ፥ መስመር የሚስት፥
አንዱ ቃል ሌላው ላይ የሚወጣ፥ የዐይነ ስውር ዓይነት ጽሕፈት።
እማዬ ‹ጦር ሜዳ ልጄን ጨዋታ አስተማረው› እያለች፥
በአምስተኛው ደብዳቤ እንደሳቀች ሞተች።
እኔም እስከ ዛሬ፥» አለች፥ «እሱ መስሎኝ…»

ፎጣውን ታቅፋ ወጣች።
በሩን አዋራው ዘጋላት።

አሥር አለቃው መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ፥
ቀለም እንደነካው ሰው፤ አሁንም ደግመው ጠረጉ።
መምህር ጉተማ ክርናቸውን አነሡ፤ ወንበሩን ለቀቁላቸው፤
እሳቸው ግን ሳይላጩ ወጡ፥ ክፍት እንደሆነ ካፖርታቸው።

ያኔ መብራት ሄደ።

«እንዳትነቃነቅ!» አለኝ ነስሩ፤ ቀኝ ጉንጬን ያዘ፥ በዳሰሳ፤
ከዚያ ሁሉ ተናጋሪ አንድም አልነበረ አንዲት ቃል ያነሣ፤
ላምቤቦ ብቻ፥ ከደጅ፥ «ግን ድስቱን…» ብሎ ተወው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በሻማ አየችኝና፥
«ግራህ ጎርበጥባጣ ነው፤» አለች፥ «ቀኝህን ነው የላጨህ፥ ደህና።»