የማይቀላው

ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ከቂሊንጦ ማዶ፣ ከወንዙ ዳር ሰፈር
ዘርፌ መጣች፣ ልጇን አዝላ።
«ተቅማጡስ ቆሟል፤ ደሙም ከሰኞ ወዲህ የለም።
ግን ይኸው ዳይፐሩ ደረቅ ነው፣ ንኪው እስኪ፤
ካልሸና ሁለት ቀኑ።»

ቃልአብ ሦስት ዓመቱ ነው።
ፊቱ አብጧል፣ ገርጥቷል፣ እንደ ጧፍ ሰም።
ጠብታ ደሙን መስታወት ላይ ስቤ ባየሁት ጊዜ
ክብ መሆን የነበረበት ሁሉ ተሸራርፏል፤
ሕፃን ነክሶ የጣለው ብስኩት ይመስላል።
ኩላሊት ውስጥ፣ በዚያ ቀጭን መንገድ
ሲያልፍ ነው የተቆረጠው።

አምቡላንሱ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይዟቸው ሄደ።
በሩ ሳይዘጋ ጠየቀችኝ፦ «ምን አበላሁት?
የጎረቤት ላም ወተት ነው? ሰላጣው ነው?
የጀሪካኑ ውሃ?»
«አንቺ አይደለሽም» አልኳት።
ማስረጃ አልነበረኝም።

እኔ ዘንድ የቀረው አንድ ሳህን ነው፣
በወረቀቱም ግርጌ ባዶ መስመር፦
መንስኤው ............

ማታ መብራት ሄደ።
ማሞቂያ ሳጥኑን በጋቢዬ ጠቀለልኩት፣ እንደ አራስ።
ዘበኛው ጋሽ ቶሎሳ ሻማ ይዞ ብቅ አለ።
«ምን እያሳደግሽ ነው?»
«ሌባ» አልኩት።

ሳህኑ ውስጥ ስኳር አለ፤
ስኳሩን የበላ ይቀላል።
በየሰው አንጀት የሚኖረው፣ የለመድነው ዓይነት
እንዳፈረ ልጅ ይቀላል።
ያኛው ግን ስኳሩ መሀል ተቀምጦ አይነካውም፤
ፊቱ አይለወጥም።

ወይስ ከመድኃኒት ቤት የገዛችለት ሽሮፕ ቀድሞኝ ገድሎት ይሆን?
ኩላሊት እስኪከስ ድረስ
ተከሳሹ ከአንጀት ወጥቶ ሄዶስ እንደሆነ?

ቅዳሜ ጠዋት ክዳኑን አነሳሁ።
በቀዩ መሀል አምስት ቅንጣት፣
ውሃ የመሰሉ፣ ቀለም የለሽ።
ቆጠርኳቸው። ደግሜ ቆጠርኳቸው።
በባዶው መስመር ላይ ግን በእርሳስ «ይጣራ» ብዬ ጻፍኩ፤
ያልቀላ ሁሉ ሌባ አይደለምና።

በዘጠነኛው ቀን
ጠርሙሶቼን ይዤ ወደ ሰላጣው ማሳ ወርጄ ነበር፣
አንዱን ከጥቁሩ ውሃ እየሞላሁ፣
ስልኬ ጮኸ።
ዘርፌ ናት። ሰላምታም የላት።
«ሸና!»

«ስንት?» አልኳት፣ ከልማድ።
«እኔ እንጃ... ሃያ ሚሊ አሉ።»

ጠርሙሱን ከደንኩት፤ ስሙን ጻፍኩበት።
እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ስለነበር
ቀኑን ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት።