ሰባተኛው ታንኳ

ረቡዕ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ከአባቴ ጋር ወጣሁ፣ ከስልኬም ጋራ።

ሐኪሟ ናት ያዘዘችው፦ "ክኒን ብቻ አይበቃም፤
ያላሠሩት አእምሮ የቆመ ሞተር ነው፣ ዝገቱ አይለቅም።"

ጨዋታው ይኸው ነው፦ ስልኩን ወደ ውኃው ላዞረ
ከባዶው ዳር ብቅ ይላል አንድ ቀይ ታንኳ፣ ጭነት ያሳፈረ፤
አንዱ ሎሚ፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ የዘጌ ማገዶ።
ሰባቱን አግኝቶ፣ ኋላ ስልኩ ሲዘጋ በቃል መቁጠር ነው፣
የቱ ቆሞ፣ የቱ ነጉዶ።

ባለፈው ሞከርኩት፣ ብቻዬን እዚያው ቆሜ፤
አራተኛው ላይ ጠፋብኝ፤ ይኼም በዚህ ዕድሜ!

አባቴ፣ ካፒቴን እንየው፣ ሃያ ስምንት ዓመት
ከባሕር ዳር ጎርጎራ ጀልባ የነዳበት
ውኃ ነው ይህ።
ዛሬ የራሱን በር የጎረቤት ነው ብሎ ያልፈዋል፤
እኔን ጥሩዓለም ይለኛል፣ በእህቱ ስም፤ አቤት ስለው ደስ ይለዋል።

ስልኩን ሲይዝ ግን በሁለት እጁ ነው፣ እንደ መሪ፤
ዓይኑን ያጠብባል፣ እንደ ነፋስ መርማሪ።
አንድ፣ ከምሰሶው ሥር። ሁለት፣ ከዋርካው በስተግራ።
ሦስተኛው ላይ ፔሊካን ቆሟል፤ ወፉ የእግዜር፣ ታንኳው የስልክ ሥራ።
ሳቀና፣ "ይቺ ወፍ ቲኬት አልቆረጠችም!"
አላፊ አግዳሚው ያያል፣ ሽማግሌ በባዶ ውኃ ላይ ሲጠቁም፤
"ምን ጠፍቶት ነው?" አለኝ ዓሣ ሻጩ።
መልሱን አላውቅም።

ስድስት ድረስ ሄድን። ሰባተኛው፣ ሁሌም እምቢ የሚለው፣
እንደ ስልኩ ከሆነ ከሻይ ቤቱ አጥር ሥር ነው።
እሱ ወደዚያ አልዞረም። ፊቱን እንቦጩ ወደ ተኛበት መልሶ፣
አረንጓዴውን ምንጣፍ በጣቱ ጥሶ፣
"ያውልሽ ሰባተኛው" አለ፣ "የአንሙት ታንኳ፤
ሁለት ኩንታል ኑግ ነው የጫነው፤ ጎኑ ዘሟል፣ ገና ሳልደርስበት እንኳ።
መሽቷል። ፍጥነቴን አልቀነስኩም።
አላየሁትም ብዬ ፈረምኩ። አይቼዋለሁ፣ ጥሩዬ፤
ለእናታችንም አልነገርኩም።"

ስልኩ ጮኸ፦ "ስህተት ነው። እንደገና ይሞክሩ።"
ሁለት ይብራዎች ከእንቦጩ ላይ በረሩ።

የሐኪሟ ቅጽ "ከሰባት ስንት አስታወሱ?" ይላል፤
ብዕሬ እዚያ ሣጥን ላይ ደርቆ ውሏል።
በማግስቱ ጠየቅሁት፣ አንሙት ማነው ብዬ።
"ማን?" አለኝ፣ በንጹሕ ፊት። "ዛሬ ታንኳ የለም እንዴ፣ ልጅዬ?"

አሁን በዚያ ዳር ባለፍኩ ቁጥር፣
ስልኬ ከቦርሳዬ ሥር ተዘግቶ ሳለ፣
ኑግ የጫነ፣ ጎኑ የዘመመ፣
አንድ ታንኳ አለ።