ሐረጎ ላይ

የአባቴ ፔጆ ሐረጎን ስትወጣ፣
መርፌው ቀይ ላይ ቆሞ እንፋሎቷ መጣ።
«ማሞቂያውን ክፈት» አለኝ አጎቴ ይመር፣
«ሞተሩ እንዲበርድ እኛ ውስጥ እንረር!»

ከፈትሁት።
ሻይ የመሰለ ውሃ፣ ዝገት ያቀለመው፣
ከዳሽቦርዱ ወርዶ ካልሲዬን አራሰው።

ተንበረከክሁ፣ ባትሪውን በጥርሴ ነክሼ፤
ቱቦው ሥር ስዳብስ፣ ጨርቁን ወዲያ መልሼ፣
የደረቀ ስቱኮ፣ ላዩ ላይ አሻራ፣
ጠባሳ ያለበት አውራ ጣት፣ የግራ።

እንዲህ ነበር ለካ «ደህና ናት» የሚለኝ፣
ቀዳዳዋን በጣቱ እየደፈነልኝ።

አልፋቅሁትም።
አዲሱን ለጠፍሁ የራሴን ጣት አትሜ፣
ጀሪካኔን ሞላሁ ከጅረቱ ዳር ቆሜ።

አራቴ አጠጥቼ ደሴ ገባች ማታ፤
ሞተሯ ጸጥ ያለው የት እንደሁ ገምቱታ!

ቧንቧ ውሃ ሰፈር።
ይመር ብቻውን ሲስቅ ይሰማኝ ነበር።