ካኬሩ

ሱቄ ቦርከና ዳር ነው፣ ከድሮው ድልድይ መግቢያ፣
አንድ አሮጌ ሲንጀር፣ አንድ የከሰል ካውያ።
ኦኩዳ ጎረቤቴ ነበር፣ ሁለት ክረምት ከመንፈቅ፣
አዲሱን ድልድይ ሊሠራ ኮምቦልቻ የመጣ፣
መነጽሩ ካፍንጫው የሚወድቅ፣
ሰው በተናገረ ቁጥር ደብተር አውጥቶ የሚጠይቅ።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ መጣ፣ ግራ ገብቶት፣ አቧራ ጠጥቶ፣
"ጦይባ፣ አንድ ግስ አለ" አለኝ፣ ደብተሩን ዘርግቶ፣
"ዛሬ ብቻ ስንት ቦታ ሰማሁት፣ የትም ቦታ አንድ አይደለም።
መዝገበ ቃላቴ 'በቢላ' ይላል፤ እኔ ግን ቢላ አላየሁም።"

ቆረጠ።

ቴትሮን እየቆረጥኩ ነበርና መቀሴን አነሣሁ፣
"ይኸው" ብዬ አሳየሁ።
እሱ ግን በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ ቀጠለ፦
መናኸሪያ ላይ አንዱ የደሴ ትኬት ቆረጠ፣
ግንበኛው አህመዴ ቁርጠት ይዞት
የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠ፣
ለይመር ልጅ ሰርግ ቀን ተቆረጠ፣
ሽንኩርት ሻጯ "ቁርጡን ዋጋ ንገሪኝ" ሲሏት ተቆጣች።
የሻይ ቤቷን ሕፃን አይተው ደግሞ "ቁርጥ አባቱን" አሉ።
"የትኛው መቀስ ነው" አለ፣
"አባትን ከልጁ ፊት ላይ የሚቆርጠው?"

ሳቄ መጣ። ጨመርኩለት፦
ቆርጦ ቀጥል ስንል ልብስ ሰፊ አይደለም፣ ውሸታም ነው።
ቆርጦ ተነሣ ስንል የተቆረጠው አይታይም።
አንዱን ትርጉም ግን ዋጥኩት፣
ተስፋ የሚባል ቃል የሚቀድመውን።

"ያንተ አገርስ?" አልኩት።

"ካኬሩ" አለና ኮቱን ሚስማሬ ላይ ሰቀለ።
መነጽሩን አደረገ፤ "ይኼም ካኬሩ።"
በርጩማዬ ላይ አረፍ አለ፤ እሱም ካኬሩ።
በር መቆለፍ፣ ስልክ መደወል፣
ለተኛ ሰው ብርድ ልብስ መደረብ፣
ሩዝ ላይ ወጥ ማፍሰስ፣
እናትን ማሳሰብ።
ከዚያ በመስኮት ወደ ወንዙ ጠቆመ፣
ብረቱ ከማዶ ማዶ ሊገናኝ ሁለት ክንድ ወደ ቀረው፤
"ድልድይ መዘርጋትም" አለ፣ "ያው ነው።"

እናቴ ዘምዘም ጥግ ላይ ቁልፍ ትተክል ነበር።
መርፌዋን ከንፈሯ ላይ አቆመች።
"ቆይ እስቲ። ስልክ መደወልና እናትን ማሳሰብ
በናንተ አገር አንድ ናቸው?
የኔው ልጅ እኮ ያሳሰበኝ ባለመደወሉ ነው።"

ኑርዬ፣ ወንድሜ።
ቆርጦ ተነሣ፣
በረሃውን አቋረጠ፣
ከኦቦክ ወዲያ ድምፁ ተቋረጠ።
አራት ዓመት።
ለካ አንድ ግስ ነው የበላን።

"አብሽሪ ይሉኛል" አለች፣ "ዱአ አድርጊ ይሉኛል፣
ቁርጡን ግን የሚነግረኝ..."

ኦኩዳ እስክሪብቶውን አነሣ። ቁርጥ በልቶ ያውቃል፣
በሚጥሚጣ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር።
ይኼኛውን አያውቅም። በዓይኑ ጠየቀኝ።
"እውነቱ ማለት ነው" አልኩት፣ "የመጨረሻው።"
አልጻፈውም። ደብተሩን አጠፈ፣
ኮቱን ሚስማሩ ላይ ረስቶ አለፈ።

ድልድዩ በሰኔ አለቀ። ቦርከና ጭቃ ሞልቶት ሲያገሳ
ሊሰናበተን ገባ፣ ግሱን ሳይረሳ፦
"ለነገ ትኬት ቆረጥኩ።"
እናቴ ትከሻውን ይዛ "አላህ በሰላም ያግባህ" አለች፣
ቀና ብላ እያየችው፣ ልክ እንደምትለካው።

ሚስማሩ ላይ አሁን የኑርዬ ኮት አለ፣
ቆርጬለት ሳልሰፋው የሄደ፣
አንድ እጅጌው በስፒል የተንጠለጠለ።

እናቴ ማታ ማታ ትወጣለች፣ ስልኳን በመቀነቷ ቋጥራ።
"የት ነው?" ስላት "ካኬሩ" ትለኛለች።
ድልድዩን ትበል፣ ስልኩን ትበል፣ ሐሳቡን ትበል፣ አልጠይቅም።
የባጃጅ ልጆች ሰምተው የሠፈር ስም መሰላቸው።
ባንድ ወንበር አራት ሰው አጭቀው
ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ይጮኻሉ፦
"ካኬሩ ወራጅ አለ?"

ከኋላ፣ ከጨለማው፣ የእናቴ ድምፅ፣
"አለ።"