ባለ ስድስት ኪስ

ኬሚ ላይ፣ ሰሜን ፊንላንድ፣ በጥር ዘጠኝ ሰዓት ሲል ይጨልማል፤
ባሕሩ ድንጋይ ሆኖ፣ ዓሣ አጥማጁ መኪናውን አናቱ ላይ ያቆማል።
የወረቀት ፋብሪካው ጭስ ማውጫ አለ፤ ጭሱ ግን የለም፤
ስንረግመው የኖርነው ያ ግማቱ እንኳ፣ ዛሬ የለም።

«እጅህ ሥራ ከሚፈታ፣ ና ተጫወት» አለች ኢልታ፣
የልጄ ልጅ፣ ከኦሉ ሆና፣ በማዳመጫው ገብታ።
ስሜን ስጽፍ «ተይዟል» አለኝ። ለመሆኑ ስንት ታይስቶ አለ?
ማነው እሱ፣ ከኔ ቀድሞ እዚህ መንደር የዋለ?
ሠላሳ አንድ ዓመት ያዘዝኩት፣ ያዘዘኝም፣ ትዝ አለኝ በድንገት፤
«ማሽን አምስት» ብዬ ጻፍኩ። ተቀበለኝ፣ ያለ ክርክር፣ ያለ ቅናት።

በስድሳ ሦስት ዓመቴ ተወለድኩ፣ ከውሃ ጉድጓድ ዳር፤
አንድ ዱላ፣ አንድ ቡትቶ፣ አሥራ ሁለት የመዳብ ሳንቲም፣ ሌላ ላይጨመር።
አንድ ጢማም ሽማግሌ መንደሩ መሃል ቆሞ፣
ላለፈ ላገደመው ያንኑ ቃል ደጋግሞ፦
«ሙያ ምረጥ። አንድ ብቻ። አንጥረኛ? ቆዳ ፋቂ?
መድኃኒት ቀማሚ? ልብስ ሰፊ? ወይስ ዕንቁ ፈልቃቂ?»

እኔ እኮ ሙያ መርጬ አላውቅም። አባቴ ገባ ፋብሪካ፤
አሥራ ሰባት ሲሞላኝ እኔም ገባሁ፤ ማን ጠይቆኝ ለካ!
አሁን ከኮምፒውተር ሆድ የወጣ ሽማግሌ
«ምን መሆን ትሻለህ?» ሲለኝ፣ በላብ ራሰ አካሌ።

«ቀማሚ ሁን» አለች ኢልታ፤ «መድኃኒት ሁሌ ይሸጣል።»
«ዓሣ ጥበስ» አለ ቀንዳም መንገደኛ፤ «የራበው መቼ ይታጣል?»
ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት የተባለው ለኔ ነው፤
ሁሉም አማረኝ። መጨረሻ ላይ ግን፣ ወንድነት ይሁን ምን ይሁን አላውቀው፣
«አንጥረኛ» የሚለውን ተጫንኩ፤
ሦስት ማታ ዋሻ ውስጥ ማዕድን ስፈነቅል ከረምኩ።
አርባ ጥፍጥፍ ብረት አቅልጬ ሃያ ጩቤ አወጣሁ፤
ገበያ ላይ ልሰቅል ብሄድ፣ ተሰቅሎ የከረመ ሦስት ሺህ ጩቤ አየሁ።
ጀማሪ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው እሳትና መዶሻ ላይ ነዋ!
ነጋዴው ሁለት ሁለት ሳንቲም ቆጠረልኝ፣ ፊቴን ሳያይ፤
ፋብሪካው የተዘጋ ዕለትም ይኸው ነው ያየሁት፣ ይኸው ጉዳይ።

ተመልሼ ጉድጓዱ ዳር ተቀመጥኩ። ሥራ የፈታ ሰው ማየት ይችላል።
አዲስ የተወለዱት ይሮጣሉ፤ አንዱ ግን ቆሞ ይጥላል፦
የተኩላ ጥርስ ይጥላል፣ እንጉዳይ ይጥላል፣
ደግሞ ያነሳዋል፣ ደግሞ ይጥለዋል።
ጠልቶት አይደለም፤ ኪሱ ሞልቶ ነው።

አምስት ሳንቲም ከፈልኩ፤ ሽማግሌው አንጥረኛነቴን ፋቀው።
«ልብስ ሰፊ» አልኩት። ኢልታ የሳቀችው ሳቅ ጆሮዬን ዛሬም ያሞቀው፦
«አያቴ፣ ቁልፍህ ሲበጠስ በሽቦ አይደል የምታስረው?»
አዎ። በሽቦ ነው።

ከሞቱ ሽፍቶች ላይ የተልባ እግር ጨርቅ ለቀምኩ።
መጀመሪያ ካልሲ ሰፋሁ፤ ለማንም አይሆንም።
ከዚያ አንድ ከረጢት፣ ባለ ስድስት ኪስ፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ።
ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፣ ማንም ሳያዘው፣ ኮምፒውተሩ ጻፈ፦
«ሠሪው፦ ማሽን አምስት።»

ዝም አልኩ።
ያ ማሽን በቀን ሄልሲንኪ ደርሶ መልስ የሚነጠፍ ወረቀት ሲተፋ ኖሯል፤
አንድም ጠርዝ ላይ ስሙ የለም፤ የኔም የለም።
እኛ በሠራነው ላይ፣ ሰው ሁሉ የራሱን ስም ነው የሚጽፍበት።

ከረጢቱን ለዚያ ለሚጥለው ሰጠሁት።
አመሰግናለሁ አላለም።
ጥርሱን ከተተ፣ እንጉዳዩን፣ ገመዱን፣ ቁልፉን፣ አጥንቱን፣ ዳቦውን፤
ሰባተኛው አልገባለት አለ። ላባ ነበር። ጥሎት ወደ ጫካው ሮጠ።

ላባውን አነሳሁ።
ኢልታ፣ ተኝተሻል እንዴ?
ባለ ስምንት ኪስ ስንት ክንድ ጨርቅ ይፈጃል?