የማን እጅ ነው?

ቀትር ነው አዳማ። ኮፈኑን ከፈትኩት፣
ወላፈኑን፣ ፊቴን ሰጥቼ ጠበቅኩት።
አሮጌ ኮሮላ፣ የሙዘይን ንብረት፣
ቁልፍ ሲዞርላት አንድ ቃል የማይወጣት፣
ትናንት ወለንጪቲ መንገድ ላይ ቆማበት
በሲኖትራክ ገመድ ጎትተው ያመጧት።

ጠጋ ብዬ አሸተትኩ። የነደደ ላስቲክ።
ከቴስተር በፊት ነው አፍንጫ የሚያውቅ።

ከባትሪው ጀመርኩ። ፊውዝ አንድ በአንድ፤
አሥሩ ደህና ነው፣ አሥራ አምስቱ ግን አመድ።
ማሳውን ፈተሽኩ፣ ዝጎ ጨው አውጥቷል፤
ወደ ዲናሞው ሲሄድ ገመዱ ተልጧል።
ጥቅሉን ተረተርኩ፣ ያንን ጥቁር ናስትሮ፣
ሙጫው ጣቴን ይዞ፣ ጥፍሬን ወጥሮ፤
ከውስጡ መጋጠሚያ፦ ሁለት ሽቦ ጠምዞ
ያለ ስታኞ የተወው፣ እንዲሁ አደንዝዞ፣
ቀዩን ከቢጫ ጋር፣ ቀጭኑን ከወፍራም።
ይህ ሥራ አይባልም!

«ማን ነው የነካው?» አልኩ፣ የሙያችን ልማድ፤
ከእኔ በፊት ያለ ኤሌክትሪሺያን ሁሉ እብድ።
«እጁን ይቁረጠው! ይሄ ነው ያቃጠለህ፤
የመብራት ሌባ እንኳ እንዲህ አይቀጥልልህ!»
ሙዘይን በሐዘን ራሱን ነቀነቀ፣
ማንነቱን ሳያውቅ ሰውየውን ናቀ።

ከዚያ ክሩን አየሁ።

ከናስትሮው ሥር፣ ሦስት ጊዜ ተቋጥሮ፣
የጆንያ መስፊያ ክር፣ በዘይት ጠቁሮ።
እንዲህ የሚያስር ልጅ አንድ ነበር ያኔ፣
ፍራንኮ ጋ፣ ከጋሽ ረቢራ ጋራዥ ጎን፤
ናስትሮ መግዣ ሲያጣ ከእህል ተራ ክር
ለቅሞ የሚመጣ፣ ካቻቢቴ አቀባይ፣
ስታኞው እስኪግል ታግሦ የማይቆይ፣
ሽቦ ጠምዞ ሮጦ ኳስ ሜዳ የሚታይ።

የረገምኩት እጅ ፒንሳ ይዟል፣ እዚሁ።

«ታዲያ» አለ ሙዘይን «ምኑ ነው ነገሩ?»
«አይጥ ነው» አልኩት። አይ አፍ! አይ ነውሩ!
«ቅድም ሰው አላልክም?»
«ሰውም፣ አይጥም ነበር።»
ብረቱን አጋልኩት፣ ሌላ ከምናገር።

የነደደውን ቆርጬ በልኩ ሽቦ ቀጠልኩ፣
ጫፍ ከጫፍ አዋድጄ፣ ስታኞ እስኪፈስ ቆየሁ፤
ብርማው ጠብታ መዳቡን ሲያለብስ፣
ያኔ የሰረቅኩትን ደቂቃ ልመልስ።

ማዶ ኮረብታው ላይ ንፋስ መብራት ያመርታል፣
ነጭ ክንፉን አዙሮ ለስንት አገር ይልካል፤
እዚህ ግን፣ ስንዝር በማትሞላ መንገድ፣ ይጠፋል።

ቁልፉን አዞረው። ሞተሪኖው አጉረምርሞ ያዘ።
«ስንት ልስጥህ?» አለኝ፣ ቦርሳውን መዘዘ።
«የሽቦውን ብቻ። የእጁን ተከፍያለሁ።»
«መቼ?» አለ። ሳቅኩ። መልስ ከየት አመጣለሁ?

ከሰዓት አንዲት ቪትዝ መጣች፤ ኮፈኗን ከፈትኩ።
ውስጧ ጉድ ነው። አፌ «ማን ነው» ሊል ሲል፣
ቀድሜ ክር ፈለግኩ።